ዓባይን ሽቅብ የመጣ ፉል፦ ባሕር ዳር ስለሚገኝ አንድ የሱዳን ቁርስ ቤት

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከቅዳሜ ገበያ ብዙም በማይርቅ የኮብልስቶን መንገድ ዳር፣ ስድስት ጠረጴዛ ብቻ የያዘች፣ ከውጭ ላያት ሰው ከጎኗ ካለው ወፍጮ ቤት የማትለይ ቁርስ ቤት አለች። በሯ ላይ የተሰቀለ ስም የላትም፤ የሰፈሩ ሰው «ሱዳኖቹ ጋ» ብሎ ይጠራታል፣ አድራሻ የሚጠይቀውንም መንገደኛ በዚሁ ስም ይመራዋል። እኔ ላለፉት ሰባት ወራት ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ቁርሴን የበላሁት እዚያ ነው፤ ይህን ግምገማ የምጽፈውም ከሁሉ በፊት ስለ ምግቡ ለመመስከር ነው። ይሁን እንጂ ስለዚህች ቤት ሲነሳ ስለ ፉሉ ከሚወራው ይልቅ ስለ ሠሪዎቹ የሚወራው ይበልጣል፤ ከሚያወሩትም አብዛኞቹ ደጃፏን ረግጠው አያውቁም። ስለዚህ ስለ ምግቡ ብቻ ጽፌ ወሬውን ባልፈው ለአንባቢ ግማሹን ብቻ የነገርሁ ይመስለኛል።

ፉል ለባሕር ዳር ሰው እንግዳ አይደለም። በየሰፈሩ ያሉ ቁርስ ቤቶች በቅቤ፣ በቃሪያ፣ በሽንኩርትና በቲማቲም ሠርተው ከትኩስ ዳቦ ጋር ያቀርቡታል፤ እኔም በዚያ አድጌያለሁ፣ ዛሬም እወደዋለሁ። የዚህች ቤት ፉል የሚለየው በላዩ ላይ በሚደረገው ነገር ሳይሆን እሳት ላይ በሚቆይበት ጊዜ ነው። ባቄላው ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ይዘፈዘፋል፤ አመሻሹ ላይ ውኃው ተደፍቶ ይታጠብና፣ ሆዱ ሰፊ አንገቱ ጠባብ በሆነ፣ እነርሱ «ቂድራ» በሚሉት ድስት ውስጥ ይገባል፤ ድስቱ ተከድኖ፣ ጥቂት ፍም በአመድ ተዳፍኖ ከሥሩ ይደረግለትና እንደዚያው ሲንተከተክ ያድራል። ንጋት ላይ ክዳኑ ሲነሳ የሚወጣው እንፋሎት የጸሎተ ሐሙስን ጉልባን የሚያስታውስ፣ ከባድና ጣፋጭ የሆነ ሽታ አለው። ትእዛዝ ሲመጣ ባለሙያዋ በረጅም ጭልፋ ቀድተው ወደ ጎድጓዳ ሳህን ይገለብጡና፣ ሙልጭ ብሎ በታጠበ የለስላሳ ጠርሙስ መቀመጫ ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ጫን ጫን ያደርጉታል። ግማሹ ባቄላ ይደቅቃል፣ ግማሹ ፍሬው እንዳለ ይቀራል። በላዩ ላይ የሰሊጥ ዘይት በልግስና ይፈስበታል፣ ከሙን ይነሰነስበታል፣ በጥሬው የተከተፈ ሽንኩርትና ቲማቲም ይደረግበታል፤ በፍስክ ቀን ደግሞ ውኃው በደንብ ተጨምቆ ጨው የገባበት የኛው የጎጃም አይብ ይፈረፈርበታል፤ በአገራቸው የሚጠቀሙበት ነጭ አይብ እዚህ ስለማይገኝ በዚህ የተኩት እርሳቸው ናቸው። የሰሊጡ ዘይት ከባቄላው ሙቀት ጋር ሲገናኝ የሚሰጠውን ጣዕም በቅቤ ፉል ውስጥ አላገኘሁትም።

ይህ ጣዕም በአንድ ቀን የመጣ እንዳልሆነ የተረዳሁት አንድ ጠዋት ሰው ባልበዛበት ሰዓት ስለ አበሳሰሉ ስጠይቃቸው ነው። ባለሙያዋ የታላቋ ካርቱም ክፍል በሆነችው ኦምዱርማን ውስጥ ፉል ሲሠሩ ኖረዋል። እንደመጡ ሰሞን ግን በዚያው ልክ ዘፍዝፈው፣ በዚያው ልክ ፍም አድርገው ያሳደሩት ባቄላ ጠዋት ላይ ልቡ ጥሬ ሆኖ ይገኝ ነበር። ባቄላው መጥፎ ነው ብለው ነጋዴውን ተቆጥተው እንደነበር ሲነግሩኝ አሁንም ያፍራሉ። ጥፋቱ ግን የባቄላው አልነበረም። ካርቱም ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ 380 ሜትር ገደማ ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሆነ የተንተከተከው ውኃ በካርቱም ያለውን ያህል አይሞቅም፤ ባቄላም ለመብሰል የግድ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። እርሳቸው ይህን ያወቁት በቴርሞሜትር ሳይሆን ለሦስት ሳምንት ያህል በየሌሊቱ እየተነሡ ድስቱን በመፈተሽ ነው፤ በመጨረሻ የመዘፍዘፊያውን ጊዜ አራዝመው፣ ድስቱንም ሁለት ሰዓት ቀድመው መጣድ ጀመሩ። ከጣና ወጥቶ በከተማችን ሥር የሚያልፈው ዓባይ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል፤ እርሳቸውም ሙያቸውን ይዘው ያንኑ ወንዝ ሽቅብ መጥተው፣ ለዚህ ደጋ እሳት እንደገና ተምረውታል። ይህን ያህል የደከመን ሰው «እርዳታ ጠባቂ» ብሎ የሚጠራ አንደበት ሲያጋጥመኝ የምቆጣው ስለዚህ ነው።

ቤቷን የሚያስተዳድሩት ሁለት ሴቶች ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ በመጡበት አገር እጠራቸዋለሁ። አንደኛዋ የዳንግላ አካባቢ ልጅ ናት፤ ገና በልጅነቷ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ወርዳ፣ ካርቱም ውስጥ በአንድ ዛፍ ሥር ከሰል ምድጃና ጥቂት ዱካ ይዛ ለዐሥራ አንድ ዓመት ሻይ ስትሸጥ ኖራለች። ሁለተኛዋ ስለ ፉላቸው ያወራሁላቸው የኦምዱርማን እናት ናቸው፤ ያን ጊዜ ከባለቤታቸው ጋር በዚያው መንገድ ላይ ፉል ይሸጡ ነበር። ካርቱም ውስጥ በመንገድ ዳር ሻይ የሚሸጡ ሴቶች፣ ከእነርሱም መካከል ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን፣ «ከሻ» በሚባለው የፖሊስ አሰሳ ዕቃቸው ሲወሰድባቸው ኖሯል፤ ከዚህም በላይ «ሐበሺያ» የሚለው ስም ራሱ በአንዳንድ ሰው አፍ የስድብ ቃና ነበረው። ሻይ ከምትሸጥ ኢትዮጵያዊት ጋር ክፉ ሥራን አያይዞ ማየት የተለመደ ነበር። የኦምዱርማኗ እናት የዳንግላዋን ልጅ ምድጃና ጀበና አሰሳ በመጣ ቁጥር በፉል ቤታቸው ጓዳ ይደብቁላት ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት ተነሣ። ሁለቱ ሴቶች ከብዙ ቀን በኋላ በገዳሪፍ በኩል አድርገው መተማ ደረሱ፤ የስኳር ሕመም የነበረባቸው የኦምዱርማኗ እናት ባለቤት ግን መድኃኒት አጥተው በመንገድ ላይ አርፈዋል። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጠየቅሁም። የዳንግላዋን ልጅ ግን ለምን ሰው ቤት ተቀጥራ ወይም ብቻዋን ሱቅ ከፍታ እንዳልተቀመጠች ስጠይቃት፣ «ጋሼ፣ እኔ በሰው አገር ሳለሁ ጓዳቸውን የከፈቱልኝ ሰው ናቸው፤ ዛሬ እርሳቸው በእኔ አገር ሲሆኑ በሬን ዘግቼ የት እገባለሁ?» ብላ መለሰችልኝ። እዚያ «ሐበሺያዋ» ትባል የነበረችው ዛሬ ባለ አገር ሆናለች፤ ይጠብቋት የነበሩት ሴት ደግሞ እዚህ «ሱዳኗ» ተብለዋል።

ስለ ስደተኛ በከተማችን የሚባለውን በባጃጅ ውስጥ፣ በቡና ላይ፣ አንዳንዴም በመሥሪያ ቤት ወረፋ ስሰማ ከርሜያለሁ። ከሁሉ የሚደጋገሙት ሁለቱ «ቁጭ ብለው እርዳታ ይበላሉ» እና «ሥራችንን ቀሙን» የሚሉት ናቸው። ሁለቱም ከአንድ ሰው አፍ፣ በአንድ መንገድ ላይ ሲወጡ ሰምቻለሁ፤ አንድ ሰው ሥራ የማይሠራ ከሆነ የማንን ሥራ እንደሚቀማ ግን ማንም አስረድቶኝ አያውቅም። በዚህች ቤት ያየሁትን ልናገር። ባቄላው የሚመጣው ከምሥራቅ ጎጃም ደጋ፣ ከደብረ ማርቆስ በኩል ከሚያመጣ ነጋዴ ነው። ዳቦው በየማለዳው ከሁለት ቤት ማዶ ካለው ዳቦ ቤት ይገዛል፤ ጋጋሪው ለዚህች ቤት ብሎ ከሌሊቱ የሚያወጣው ተጨማሪ ዳቦ አለ። የሚጥሚጣውና የከሙኑ ገንዘብ ቅዳሜ ገበያ ለተቀመጡ እናቶች ይደርሳል። ከዚህ ሌላ ሁለት ልጆች ተቀጥረውባታል፤ አንዷ ከመርዓዊ፣ ሌላዋ ከአዴት የመጡ፣ የማታ ትምህርት የሚማሩ ናቸው። የአዴቷ ልጅ በስምንት ወር ውስጥ ኪስራ መጋገር ተምራለች። ይህ ሥራ ከማንም እጅ የተወሰደ አይደለም፤ እነርሱ ከመምጣታቸው በፊት በዚያ ቦታ የነበረው የተዘጋ የብረት በር ነበር።

ኪስራን ካነሣሁ ላስረዳ። ከማሽላ ዱቄት የሚሠራ፣ እንደ እንጀራችን ቦክቶ የሚጋገር፣ ነገር ግን ዓይን የሌለው፣ እንደ ሻሽ የሚታጠፍ ስስ ነገር ነው። ሊጡ በጋለው ብረት ላይ ጥቂት ይፈስና፣ «ገርገሪባ» በሚባል ከዘንባባ ቅጠል በተሠራ መግፊያ በአንድ ትንፋሽ ይሳሳል፤ መክደኛ አያስፈልገውም፣ በደቂቃ ውስጥ ይነሣል። የአዴቷ ልጅ እጅ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሊጡን እንደ እንጀራ አክብባ ለማፍሰስ ሲያደላባት፣ የኦምዱርማኗ እናት ከኋላዋ ቆመው እጇን በእጃቸው ይዘው ሲያስተምሯት ዐይቻለሁ። በዓባይ በረሃ ዳር ያደገ የማሽላ እንጀራ የሚያውቅ ሰው ኪስራን ሲቀምስ ሩቅ አገር የሄደ አይመስለውም። ከደረቀ ባሚያ ዱቄት በሚሠራው ወጥ ሲቀርብ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ወጡ የሚያሟልጭ ነው፤ እኔ ለመልመድ ሦስት ጊዜ ወስዶብኛል፤ ያልወደዱትንም ሰዎች እረዳቸዋለሁ።

«ኪራይ አስወደዱብን» የሚለው ወቀሳ ከሌሎቹ የተለየ ነው፤ እውነት የሚመስል ነገር ስላለበት በችኮላ ልጥለው አልፈልግም። ጦርነቱ በተነሣ በዓመቱ እኔ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ኪራዬን በአንድ ጊዜ በግማሽ ጨመሩብኝ፤ ምክንያት ስጠይቅ «ሱዳኖቹ እኮ በዶላር ይከፍላሉ» አሉኝ። በግቢያችን ግን አንድም ሱዳናዊ አልነበረም። ኋላ እንደተረዳሁት ያንን ወሬ በየበሩ ይዞ የሚዞረው ደላላ ነበር፤ ሱዳናውያኑ ራሳቸው ቋንቋውን ስለማያውቁና የሰፈሩን ዋጋ ስለማይጠይቁ፣ ለአንዲት ክፍል እኛ ከምንከፍለው ሁለት እጥፍ ሲጠየቁ ነበር። የሰው ቁጥር በድንገት ሲጨምር የቤት ዋጋ መንቀሳቀሱ አይቀርም፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ከጭማሪው የተጠቀመውን ትቶ፣ ከሁላችንም በላይ የከፈለውን ሰው መውቀስ ፍርድ ማዛባት ነው።

ስለ ንጽሕና የሚወራው ደግሞ ይበልጥ ያሳዝነኛል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ በመተማ በኩል በስደተኞች መጠለያ ኮሌራ በታየ ጊዜ፣ «በሽታ ይዘው መጡ» የሚለው አነጋገር እስከዚህ ድረስ ዘለቀ። ኮሌራ በተበከለ ውኃና ምግብ የሚተላለፍ፣ ብዙ ሰው በቂ መጸዳጃና ንጹሕ ውኃ ሳይኖረው በአንድ ቦታ ሲታጨቅ የሚስፋፋ በሽታ ነው፤ ዜግነት አይመርጥም፤ እኛንም በየክረምቱ ሲያስቸግረን የኖረ ነው። በዚህች ቤት በር ላይ ለብ ያለ ውኃ የያዘ ማስታጠቢያና ሳሙና ሁልጊዜ አለ፤ የመርዓዊዋ ልጅ ሰው ሳይታጠብ ከተቀመጠ በትሕትና «ጋሼ፣ እጅዎን» ትላለች። ቂድራው በየቀኑ በአመድና በሎሚ ይፈተጋል። ከተማችን ውስጥ ስማቸው ትልቅ በሆኑ ቤቶች እንኳ ይህን ያህል ጥንቃቄ ሁልጊዜ አላገኘሁም።

አንድ ነገር ላክል፤ በጎጃም ለተወለደ አንባቢ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ ስለሆነ። ቤቷ ሥጋ አትሸጥም። ክርስቲያኑ የእስላም እርድ፣ እስላሙም የክርስቲያን እርድ እንደማይበላ የዳንግላዋ ልጅ ታውቃለች፤ የኦምዱርማኗ እናትም ኢትዮጵያውያን ጎረቤቶች ስለነበሯቸው ነገሩ አዲስ አልሆነባቸውም። ተማክረው ሥጋ ጨርሶ እንዳይገባ ወሰኑ፤ ስለዚህ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ከቤተ ክርስቲያን የመጣውም ከመስጊድ የመጣውም ሳይሳቀቅ ይበላል። ረቡዕና ዓርብ፣ በጾም ወራትም፣ ፉሉ ያለ አይብና ያለ እንቁላል ይቀርባል፤ ማንም ማሳሰብ አያስፈልገውም። ከሽምብራ የሚጠበሰው «ጣሚያ» ዘይቱ ትኩስ በሆነበት ጠዋት ከሁሉ የምመርጠው የጾም ምግብ ሆኗል። «የኛን ባህል አያከብሩም» የሚለውን ክስ የሚያነሣ ሰው በሑዳዴ አንድ ጠዋት እዚያ ቢቀመጥ ይበቃዋል።

የንግድ ፈቃዱ በዳንግላዋ ልጅ ስም ነው። መጀመሪያ ሁለቱም በጋራ ሊሠሩበት አስበው ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደው ነበር፤ በመስኮቱ የተቀመጠው ሠራተኛ «ስደተኛ ሥራ መሥራት አይችልም» ብሎ መለሳቸው። ይህ ትክክል አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ዕውቅና ያገኙ ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች ለሌሎች የውጭ ዜጎች በተሰጠው ምቹ ሁኔታ ልክ እንዲሠሩ ይፈቅዳል፤ የመማር፣ የመንቀሳቀስና የባንክ አገልግሎት የማግኘት መብትንም አካትቷል። አገራችን ዛሬ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ አንድ ሚሊዮን ያህል ስደተኞችን ታስተናግዳለች፤ አዋጁም የወጣው እነዚህ ሰዎች በመጠለያ ተቀምጠው ስንዴ ከመጠበቅ ይልቅ ራሳቸውን እንዲችሉ ነው። በአንድ በኩል «አይሠሩም» እየተባሉ በሌላ በኩል በመስኮት ሥራ ሲከለከሉ ማየት የሚያሳፍር ነገር ነው። አዋጁን ያላነበበ አንድ ሠራተኛ የቤተሰብ እንጀራ ሊዘጋ ይችላል፤ በዚህ ጉዳይ የሚመለከታቸው ሰዎች ይህን ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል።

የእኛ ቤተሰብ በዚህ ነገር ላይ ዝም ለማለት መብት የለውም ብዬ አምናለሁ። አጎቴ በደርግ ዘመን፣ በሰባዎቹ መጀመሪያ፣ ሌሊት ለሌሊት ተጉዞ ገዳሪፍ ገብቶ አራት ዓመት ኖሯል። በዚያ ዘመን በፖለቲካና በረሃብ ምክንያት ወደ ሱዳን የተሻገረው ኢትዮጵያዊ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነበር። አጎቴ ስለዚያ ጊዜ ሲያወራ የሚያነሣው ስለ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ሰሊጥ ሲያጭድ ስለ ቆሰለው እጁ፣ እና «ቡሽ» ስለሚባለው ምግብ። ቡሽ ማለት የተቆራረሰ ዳቦ በፉል መረቅ ርሶ፣ ዘይትና ሽንኩርት ተጨምሮበት፣ በአንድ ትልቅ ትሪ ሆኖ ለብዙ ሰው የሚቀርብ የድኻና የተማሪ ምግብ ነው። የማያውቁት ሱዳናውያን ሠራተኞች በትሪያቸው ዙሪያ ቦታ ሰጥተውት እንደበላ ደጋግሞ ነግሮናል። ባለፈው የትንሣኤ ሰሞን ከመንደር ሲመጣ ወደዚህች ቤት ወሰድሁት፤ ቡሽ አዘዝሁለት። አንድ ጉርሻ ከወሰደ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሳይናገር ቆየ፤ ከዚያ የተረሳ በመሰለኝ ዐረብኛ ለኦምዱርማኗ እናት ሰላምታ ሰጠ። እርሳቸውም ከጓዳ ወጥተው አጠገቡ ተቀመጡና፣ በገዳሪፍ የትኛው ገበያ አጠገብ ይኖር እንደነበር ጠየቁት።

ይህ ነገር ለጎጃም ባዕድ አይደለም። የቅኔ አገር የሆንነው ከየትም የመጣ ልጅ አኮፋዳውን አንግቶ በየደጃፋችን «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ እየሰጠን፣ በዋሸራም በጎንጅም የቅኔ ቤት እንዲማር ስላደረግን ነው። ሌሊት የመጣን «የእግዜር እንግዳ» የት አባትህ ነው አገርህ ብሎ ያሳደረ ያለ አይመስለኝም። የቆሎ ተማሪ በዚህች ቁርስ ቤት ደጅም ይቆማል፤ የኦምዱርማኗ እናት ቃሉን ባይረዱትም ትርጉሙን ጠይቀው ስላወቁ፣ ከዳቦው ቅርጫት የተረፈውን ሳይሆን ትኩሱን ይሰጡታል። ሌላም ላስታውስ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው፣ ከአርመናውያን ጭፍጨፋ የተረፉ አርባ ወላጅ አልባ ልጆች አዲስ አበባ መጥተው የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ «አርባ ልጆች» የተባሉት እነርሱ ናቸው። ከእነርሱ ጋር የመጣው መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የዘመነ ንጉሡን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ሲደርስ፣ ግጥሙን የጻፈው የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ንጉሤ ነበር። መዝሙሩ በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ላይ ተሰማ። አንድ አርመናዊ ስደተኛና አንድ የጎጃም የቅኔ ልጅ አብረው የሠሩትን መዝሙር አያቶቻችን ቆመው ዘምረውታል። አያቴም ጨው፣ ክብሪትና ላምባ የሚገዙት ከየመን ከመጣ ዐረብ ሱቅ እንደነበር፣ ገንዘብ ባጡ ጊዜም እስከ አጨዳ ድረስ በዱቤ ይሰጣቸው እንደነበር ይነግሩን ነበር።

ይህን ሁሉ ስዘረዝር አንድ ነገር ያሳስበኛል፤ በግልጽ ልበለው። ስደተኛ የሚጠቅም ስለሆነ ብቻ ይኑር የሚል ክርክር ውስጥ መግባት አልፈልግም። የኦምዱርማኗ እናት ፉል መሥራት ባያውቁ ኖሮ፣ ወይም እጃቸው ታሞ ቤት ቢውሉ፣ ከጥይት የማምለጥ መብታቸው አይቀንስም ነበር። በመጠለያ ውስጥ ያሉ ሕፃናትና አረጋውያን ለማንም ዳቦ ቤት ደንበኛ አይሆኑም፤ እነርሱም ሰው ናቸው። ስለ አስተዋጽኦ የምናገረው የሚወራባቸው ነገር ሐሰት ስለሆነና፣ ሐሰቱ በየቀኑ ባቄላ እየለቀሙ በሚያድሩ ሴቶች ጀርባ ላይ ስለሚጫን ነው።

አሁን ጉድለቶቿን ልናገር፤ ስለምወዳት ልደብቅላት አይገባም። ቅዳሜ ጠዋት ሰው ይበዛባትና አንድ ሳህን ፉል እስከ አርባ ደቂቃ ሊያስጠብቅ ይችላል፤ ልጆቹ ሁለት ብቻ ስለሆኑ ትእዛዝ ይቀላቀላል። ሻዩ ለእኔ ስኳሩ ይበዛብኛል፤ ሳይደረግ እንዲመጣ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ዝንጅብል የገባበት፣ እነርሱ በአጭሩ «ጀበና» የሚሉት ቡና ግን ጥሩ ነው፤ ለእኛ ጀበና ዕቃው፣ ለእነርሱ ግን ቡናው ራሱ መሆኑ ለጨዋታ ምክንያት ይሆናል። መብራት ሲጠፋ ኪስራው አይሠራም፤ መንገድ በሚዘጋባቸው ሰሞናት ደግሞ የሰሊጥ ዘይት ከመተማ በኩል ሳይመጣ ይቀርና በኑግ ዘይት ይተካል፤ ይህ ሲሆን ጣዕሙ በግልጽ ይለያል፤ ነገር ግን ልጆቹ ሳይጠየቁ አስቀድመው ይናገራሉ፣ ዋጋውንም ዐሥር ብር ይቀንሳሉ። ወንበሮቹ ዝቅተኛ ስለሆኑ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው አይመቹም፤ ለአጎቴ ከወፍጮ ቤቱ ከፍ ያለ ወንበር ተውሰውለታል።

ጾም ፉል 110 ብር፣ በአይብ 140 ብር፣ ለሦስት ሰው የሚበቃ ቡሽ 240 ብር፣ ኪስራ በወጥ 150 ብር፣ ጀበና ከነዝንጅብሉ ለአንድ ሰው 40 ብር ነው፤ በጥሬም በቴሌብርም መክፈል ይቻላል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ይከፈታል፤ ዓርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ለጁምዓ ሶላት ይዘጋል፤ ኪስራ የሚኖረው ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ብቻ ነው። ቂድራው አንድ ብቻ ስለሆነ በማንኛውም ቀን ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ የሚመጣ ሰው ፉል ላያገኝ ይችላል። በዚያ ሰዓት ከደረሳችሁ የድስቱን ጠርዝ የያዘውን፣ ከሁሉ የወፈረና የጨሰ የባቄላ ቅሪት በዳቦ ጠርገው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፤ በዝርዝሩ ላይ የለም፣ ዋጋም አያስከፍሉበትም።